የስፓኒሽ ግሥ እርባታ፦ «ሊምፕዮ» ስል «ማን?» አሉኝ

የምድጃ_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። አንድ ሆቴል ወጥ ቤት መስራት ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። ከእኔና ከአንድ የጎንደር ልጅ በቀር ሁሉም ስፓኒሽ ተናጋሪ ናቸው፣ አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ። እንግሊዝኛ የሚሰማው አለቃው ብቅ ሲል ብቻ ነው። አፌን ዘግቼ መዋል ስለሰለቸኝ ስልኬ ላይ መማሪያ ጭኜ አውቶቡስ ውስጥ ግሥ ማርባት ጀመርኩ።

ሐሙስ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁና እርዱኝ። አብረውኝ የሚሰሩ አንድ ትልቅ ሴትዮ አሉ፤ ሁሉም «ዶኛ» ነው የሚላቸው። የአትክልት መክተፊያውን ጠረጴዛ እኔ አጸዳዋለሁ ለማለት «ሊምፕዮ ላ ሜሳ» አልኳቸው። ዞር ብለው «ኪየን?» አሉኝ። «ማን?» ማለታቸው ነው። ደግሜ «ሊምፕዮ ላ ሜሳ» አልኩ። ጠረጴዛውን አዩት፤ የሽንኩርቱ ልጣጭ እንዳለ ነው። «ናዲዬ» አሉና ጨርቁን ራሳቸው አነሱ። «ማንም አላጸዳውም» ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ማታ ቤት ገብቼ ነው። መማሪያው እኮ «ዮ ሊምፕዮ» ነው የሚለው። ታዲያ ምን አጠፋሁ?

ሁለት ነገር ልጨምር። መማሪያው «ቱ ትራባሃስ» ይለኛል፤ ልጆቹ ግን እርስ በርሳቸው «ቦስ ትራባሃስ» ይባባላሉ፣ መጨረሻውን ጫን አድርገው። ተሳስተው ነው? ደግሞስ ዶኛን «ቱ» ማለት ልክ ነው? በአማርኛ ቢሆን በዚያ ዕድሜ ያለን ሰው «አንቺ» አልልም፤ አፌን ይይዘኛል።

ኩባ_ያደገ

እህቴ፣ እርባታሽ ልክ ነው። የተሳሳተው ድምፁ ያረፈበት ቦታ ነው። ጉልበቱን «ሊም» ላይ ካሳረፍሽው «አጸዳለሁ» ነው። የመጨረሻዋ «ዮ» ላይ ካሳረፍሽው ግን ያለፈ ጊዜ ይሆንና «አጸዳ» ወይም «አጸዳች» ማለት ነው። ሴትዮዋ የሰሙት «ጠረጴዛውን አጽድቶታል» የሚል ነው፤ «ማን?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። እነሱ ሲጽፉ የመጨረሻዋ «ኦ» ላይ ጭረት ያደርጋሉ፤ በኛ ፊደል ግን ሁለቱም «ሊምፕዮ» ተብለው ነው የሚጻፉት።

ይሄ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። «ገና» ሲላላ «ገና አልመጣም» ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ዋናው ጉዳይ። ጽሕፈቱ አንድ ነው፤ የሚለየው አፍ ነው። እኛ በማጥበቅና በማላላት የምንለየውን እነሱ ድምፁን በሚጫኑበት ቦታ ይለዩታል።

ያንቺን ግሥ ሙሉውን ላርባልሽ፦

ሊምፕዮ፦ አጸዳለሁ
ሊምፕያስ፦ ታጸዳለህ፣ ታጸጂያለሽ
ሊምፕያ፦ ያጸዳል፣ ታጸዳለች
ሊምፕያሞስ፦ እናጸዳለን
ሊምፕያን፦ ያጸዳሉ፤ ላቲን አሜሪካ ደግሞ «ታጸዳላችሁ»ም ይኸው ነው

ጫናው ሁሉም ላይ «ሊም» ላይ ነው፤ «ሊምፕያሞስ» ላይ ብቻ ወደ «ያ» ይሻገራል። ዛሬ ማታ ጮክ ብለሽ፣ እጅሽን ጠረጴዛ ላይ እየመታሽ በይው። በልጅነቴ እንደዚያ ነው የያዝኩት። በ1970ዎቹ ወደ ኩባዋ ወጣቶች ደሴት፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ፣ ከተላኩት የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነኝ። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የቶሮንሃ እርሻ ውስጥ ነበርን፤ እዚህ ግሬፕፍሩት የምትሉት ፍሬ ነው። መጀመሪያ አፌ ላይ የተስተካከለልኝ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የራሳችን ውሎ ነበር፦ «ኤስቱድያሞስ ፖር ላ ማኛና፣ ትራባሃሞስ ፖር ላ ታርዴ»። ጠዋት እንማራለን፣ ከሰዓት እንሰራለን። ዛሬም ግሥ የማስተምረው ሰው ካለ ከዚያች ነው የምጀምረው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

የ«ቦስ»ን ነገር እኔ ልመልስ። ግንባታ ላይ ከሳልቫዶሮች ጋር አስራ አንድ ዓመት ሰርቻለሁ። ልጆቹ አልተሳሳቱም። ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስ፣ ኒካራጓ፣ ወደ ታች ደግሞ አርጀንቲናና ኡራጓይ፣ ጓደኛ ጓደኛውን «ቦስ» ነው የሚለው። እርባታው ያው ነው፤ ጫናው ብቻ ወደ መጨረሻው ይሄዳል፦ ትራባሃስ፣ ኮሜስ። መደበኛ ግሥ ከሆነ፣ በፊደል ስትጽፊው የሚለየው በ«ኢር» በሚያልቁት ላይ ብቻ ነው፤ «ቱ» ቢቤስ፣ «ቦስ» ቢቢስ፣ «ትኖራለህ» ለማለት። አንቺ «ቱ» ብትያቸውም ይገባቸዋል፣ ማንም አይቀየምሽም። ግን «ቦስ» ሲሉሽ የቀረቡሽ ልጆች ናቸው ማለት ነው፣ ደስ ይበልሽ።

ዶኛን ግን «ኡስቴድ» በያቸው። አፍሽን የያዘሽ ነገር ትክክለኛ ነገር ነው፤ አስተዳደግሽ ነው የያዘሽ። «ኡስቴድ» እርስዎ ነው። ውብ የሆነብኝን ልንገርሽ፦ «አንተ ትሰራለህ» የሚለውን ሰውን ለማክበር ስንፈልግ «እርስዎ ይሰራሉ» እንላለን አይደል? ፊታችን የቆመውን ሰው እንደሌላ ሰው፣ እንደ «እነሱ» አድርገን ነው የምናረባው። እነሱም ልክ እንደዚያው ያደርጋሉ፤ ልዩነቱ ወደ «እነሱ» ሳይሆን ወደ «እሱ» መውሰዳቸው ነው። «ቱ ትራባሃስ» ይልና ለታላቁ ሰው «ኡስቴድ ትራባሃ» ይሆናል። ቃሉ ራሱ ድሮ «ቡዌስትራ ሜርሴድ» ነበር፣ «ቸርነትዎ» እንደማለት፤ እያጠረ እያጠረ «ኡስቴድ» ሆነ። «ቸርነትዎ ይሰራል» ብለሽ አስቢው፣ እርባታው ወዲያው ይገባሻል።

የምድጃ_ዳር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። የ«እርስዎ»ውን ሳነብ ልቤ አረፈ። ጋሼ፣ ጠረጴዛ እየመታሁ ስል ጎረቤት ሰማኝ መሰለኝ፣ ግን ያዝኩት።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ። ባለፈው ሳምንት የፈረቃ አለቃው ወደኛ ዞሮ «ትራባሃን ኤል ዶሚንጎ» አለ። «እሁድ እንሰራለን» ነው ብዬ ያዝኩ። ቅዳሴ ቀርቼ፣ በሁለት አውቶቡስ ሄጄ፣ ስደርስ ስሜ የለም። ሁለቱን ወንዶች ነበር ለካ ያለው። «እነሱ» መሆኑን በወረቀት አውቀዋለሁ፤ ጆሮዬ ላይ ሲደርስ ግን «እኛ» ይሆንብኛል። ለምን ይሆን?

የቅኔ_ቤት_ልጅ

እህት ዓለም፣ ያ «ን» እኔንም ብዙ ጊዜ አሳስቶኛል። ዴንቨር ታክሲ ነው የምነዳው፣ ተሳፋሪዎቼ ግማሾቹ ስፓኒሽ ተናጋሪ ናቸው። ምክንያቱን ቆይቼ ደረስኩበት። በአማርኛ መጨረሻ ላይ «ን» ስንሰማ «እኛ» ነው፦ ሰራን፣ በላን፣ ኖርን። ስለዚህ «ትራባሃን» ሲባል ጆሮሽ ሳያስፈቅድሽ «ሰራን» ብሎ ይተረጉመዋል። በስፓኒሽ «ን» ያለችው እነሱ ዘንድ ነው። «እኛ»ን የምትነግርሽ «ሞስ» ናት። «ሞስ» ካልሰማሽ እሁድ ቅዳሴሽን አስቀድሺ።

ከዚህ ጠለቅ ያለም ነገር አለ። እኛ «እሰራለሁ፣ ትሰራለህ፣ ይሰራል፣ እንሰራለን» ስንል ባለቤቱን የምናውቀው ገና ከመነሻው ነው፤ በ«እ»፣ በ«ት»፣ በ«ይ»። ስፓኒሽ ግሡን ከፊት አይነካውም። ሁሉ ነገር ጅራቱ ላይ ነው። ስለዚህ የእነሱን የአሁን ጊዜ በኛ የአሁን ጊዜ ሚዛን አትስሚው፤ በኛ ያለፈ ጊዜ ሚዛን ስሚው። ሰራሁ፣ ሰራህ፣ ሰራ፣ ሰራን፣ ሰሩ። ፊቱ አልተነካም፣ የሚለዋወጠው ጅራቱ ነው። ይሄን ካወቅሁ በኋላ የተሳፋሪን ወሬ ከመሃል ሳይሆን ከመጨረሻው መያዝ ለመድኩ።

ልጅ ሆኜ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ እያልን በየአርእስቱ ግሥ ስናረባ መምህራችን አርእስቱን ከያዝክ ሠራዊቱ ተከትሎህ ይመጣል ይሉን ነበር። እዚህ አርእስቱ ሦስት ብቻ ነው፤ በ«አር»፣ በ«ኤር»፣ በ«ኢር» የሚያልቅ።

ትራባሃር (መስራት)፦ ትራባሆ፣ ትራባሃስ፣ ትራባሃ፣ ትራባሃሞስ፣ ትራባሃን
ኮሜር (መብላት)፦ ኮሞ፣ ኮሜስ፣ ኮሜ፣ ኮሜሞስ፣ ኮሜን
ቢቢር (መኖር)፦ ቢቦ፣ ቢቤስ፣ ቢቤ፣ ቢቢሞስ፣ ቢቤን

«እኔ» ሁሌ «ኦ» ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚለያዩት «እኛ» ላይ ብቻ ነው፣ «ኤሞስ» እና «ኢሞስ»። ያንቺ ወጥ ቤት የትራባሃር ሠራዊት ሰፈር ነው፦ ላባር ማጠብ፣ ኮርታር መቁረጥ፣ ኮሲናር ማብሰል፣ ዬባር መውሰድ፣ ቡስካር መፈለግ። አንዱን በደንብ ያረባ ሌላውን አይጠይቅም።

ዳላስ_ነኝ

ይቅርታ፣ እኔ ግን በዚህ ሁሉ አልስማማም። እርባታ ሳላውቅ ሰባት ዓመት ተግባብቻለሁ። «ዮ ትራባሃር ማኛና» እላለሁ፣ ይገባቸዋል። ሰው ደክሞት ከስራ ገብቶ ሰንጠረዥ ሲያጠና ተስፋ ይቆርጣል። ዝም ብሎ መናገር ነው የሚያስለምደው።

ኩባ_ያደገ

ወንድሜ ዳላስ፣ መናገር ያስለምዳል ባልከው እስማማለሁ። ደሴቱ ላይ ሰንጠረዥ ከማየታችን በፊት እርሻ ላይ «ቶማ» (እንካ)፣ «ቤን» (ና) ሲሉን ነው ጆሯችን የተከፈተው። ነገር ግን «እኔ መስራት ነገ» ስትል የሚገባው ያንተ ለእነሱ ነው። የእነሱ ላንተ ግን እንዴት ይገባሃል? እነሱ «ዮ»፣ «ቱ» እያሉ አይናገሩም። እንደኛ ባለቤቱን ግሡ ውስጥ ከተው ይተውታል። ማናችንም ቀኑን ሙሉ «እኔ እሰራለሁ፣ እኔ እበላለሁ» አንልም፤ «እኔ» የምንለው «አንተ ሳትሆን እኔ» ለማለት ነው። እንግሊዝኛ ያለ «አይ» አላንቀሳቅስ ስላለን ነው «ዮ፣ ዮ» የምንለው፤ ስፓኒሽን በአማርኛ በር ብንገባበት ያ ችግር ባልኖረ ነበር።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። «ዬቦ ላ ካሃ»፣ ሳጥኑን እወስደዋለሁ። «ዬባ ላ ካሃ»፣ ሳጥኑን ይወስደዋል። ግን ይኸው «ዬባ» ለ«ቱ» ሲነገር ትዕዛዝም ነው፤ «ሳጥኑን ውሰድ!» መደበኛ ግሥ ሁሉ እንደዚህ ነው፤ የ«እሱ» መልክ ለ«ቱ» ትዕዛዝ ሆኖ ያገለግላል። ጅራቱን ያልሰማ ሰው ሌላው ይወስደዋል ብሎ ቆሞ ይቀራል፣ ሰነፍ ይባላል። ሰው ሰነፍ ሳይሆን በአንዲት አናባቢ ምክንያት ስሙ ሲበላሽ ማየት ያንገበግበኛል፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ዳላስ_ነኝ

ይሄኛው ገብቶኛል። «ሊምፕያ» ሲሉኝ «እሱ ያጸዳል» ብዬ የተውኩበት ቀን ትዝ አለኝ። እሺ፣ በቀን አንድ ግሥ።

ከቫሌንሲያ

እኔ ስፔን ነኝ፣ ዘጠነኛ ዓመቴ። እዚህ የሚመጣ ሰው ካለ አንድ ረድፍ ጨምሩ። ለጓደኞችና ለልጆች «እናንተ» ለማለት «ቦሶትሮስ» ይባላል፦ ትራባሃይስ፣ ኮሜይስ፣ ቢቢስ። «ኡስቴዴስ» እዚህ የክብር «እናንተ» ነው፤ እናንተ ጋ ግን ለሁሉም ያገለግላል። ስለዚህ የቨርጂኒያዋ እህታችን ይሄን ብትተወው ምንም አይጎድልባትም።

ሌላው፣ እናንተ «ትራባሆ» ብላችሁ በ«ሆ» ትጽፋላችሁ። ለኩባና ለሳልቫዶር ልክ ነው፣ እነሱ አለስልሰው ነው የሚሉት። እዚህ ግን ጉሮሮን የሚፍቅ ነው፣ እንደ ትግርኛው «ኽ»። ትግርኛ የሚችሉ ጓደኞቼ አንድም ቀን አልተቸገሩበትም። «ኝ»ም በፊደላችን ቦታ አላት፤ «ማኛና»፣ «ዶኛ» ብለን ስንጽፍ አንዲት ድምፅ አትጎድልም። ለልጆቼ ፊደል የማስተምረው በዚህ መንገድ ነው፣ የስፓኒሽ ቃል በግዕዝ ፊደል እያስጻፍኩ።

የምድጃ_ዳር

ጋሼ፣ አንድ ብቻ። «ሴራር» መዝጋት ነው፣ በ«አር» ነው የሚያልቀው፣ ግን ከሳልቫዶር ልጆች አንዱ ማታ ሲወጣ «ዮ ሲዬሮ» አለኝ። «ሴሮ» መሆን አልነበረበትም? ደግሞ «ነገ እሰራለሁ» ለማለት የወደፊት ጊዜ እርባታ ሌላ መማር አለብኝ?

ኩባ_ያደገ

«ሴራር» መደበኛ አይደለም፤ ጅራቱ መደበኛ ነው፣ ሆዱ ግን ይለወጣል። ያልኩሽን ጫና አስታውሺ። ጫናው ሥሩ ላይ ሲወድቅ «ሴ» ትሰፋና «ሲዬ» ትሆናለች፦ ሲዬሮ፣ ሲዬራስ፣ ሲዬራ፣ ሲዬራን። ጫናው ወደ ጅራቱ ሲሄድ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፦ ሴራሞስ። «ቦስ» የሚሉትም ጫናቸው ጅራት ላይ ስለሆነ «ቦስ ሴራስ» ይላሉ እንጂ አይለውጡትም። እንደዚህ ያሉትን ለጊዜው እንደሰማሻቸው ያዢያቸው።

የወደፊቱን በተመለከተ፣ ለዕለት ስራሽ ሌላ እርባታ አያስፈልግሽም። «ይሰራል» ስንል ዛሬም ነው፣ ሁልጊዜም ነው፣ ነገም ነው። የእነሱም የአሁን ጊዜ እንደዚሁ ሰፊ ነው። «ማኛና ትራባሆ»፣ ነገ እሰራለሁ። «ቴ ያሞ ማኛና»፣ ነገ እደውልልሃለሁ። ልመናም በእሱ ይሆናል፦ «ሜ ፓሳስ ኤል ኩቺዮ?» «ቢላውን ታቀብለኛለህ?» እንደምንለው ነው፣ ምንም ሳይጨመርበት ትሕትና አለው። ጥያቄ ሲሆን የቃላቱ ቅደም ተከተል ሳይነካ ድምፅ ብቻ ከፍ ይላል፤ «ነገ ትሰራለህ?» ስንል እንደምናደርገው። መካድም ቀላል ነው፣ ከፊት «ኖ» ታክይበታለሽ፦ «ኖ ትራባሆ ኤል ዶሚንጎ»። ይቺን ለፈረቃ አለቃሽ ያዢለት።

ደግሞ በመጀመሪያ ጽሑፍሽ «ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው» ብለሻል። ስራው ዛሬም አላለቀም ለማለት «ነው» አልሽ። እነሱም በአሁን ጊዜ ነው የሚሉት፦ «ዬቦ ኦቾ ሜሴስ አኪ»፣ ቃል በቃል «እዚህ ስምንት ወር እይዛለሁ»። ዬባርም መደበኛ ናት።

«ትራባሃሞስ» «እንሰራለን»ም «ሰራን»ም መሆኗን ግን እወቂ። በ«አር» እና በ«ኢር» የሚያልቁት «እኛ» ላይ ያለፈውና ያሁኑ አንድ ናቸው፤ «ኮሜሞስ» እንበላለን፣ «ኮሚሞስ» በላን፣ የኤር ቤት ብቻ ይለያል። ያቺ የደሴት ዓረፍተ ነገሬ እንደዚያ ናት። ያኔ «እንማራለን፣ እንሰራለን» ብዬ ያልኳት ዛሬ ስደግማት «ተማርን፣ ሰራን» ሆናለች። አንድ ፊደል አልተለወጠባትም።

የምድጃ_ዳር

ሁለት ሳምንት ጠፍቼ ነበር፣ ፈረቃ በዝቶብኝ። ዛሬ የሆነውን ልጻፍላችሁ።

ዶኛ ካሮት እየከተፉ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ «ዶኛ፣ ኡስቴድ ትራባሃ ኤል ሳባዶ?» አልኳቸው። ቢላውን አስቀመጡት። ፊታቸው ፈካ አለ። «ሲ፣ ትራባሆ። ኢ ቦስ?» አሉኝ። «አዎ፣ እሰራለሁ፤ አንቺስ?» ነው። «ቦስ» አሉኝ እኮ! «ታምቢየን ትራባሆ»፣ እኔም እሰራለሁ፣ አልኩ፣ «ባ» ላይ ጫን ብዬ።

ከዚያ ጠረጴዛውን አየሁት። ልጣጭ ሞልቶበታል። በልቤ አንዴ አልኩት፣ እጄን ጭኔ ላይ መታ አድርጌ፣ ከዚያ በአፌ፣ «ሊም» ላይ አሳርፌ፦ «ሊምፕዮ ላ ሜሳ»።

«ኪየን?» አላሉኝም። ጨርቁን አቀበሉኝ።